የጋሽ መዳፍ ቆርቆሮ

የእህቴ ባል ምሳውን አይጨርስም። መጀመሩንማ ይጀምራል። ቤታችን መንገድ ዳር ነው፤ አሮጌ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮው ይቆማል፣ እጁ ሳህኑ ላይ እንዳለ አንገቱን ወደ መስኮቱ ያሰግጋል፣ ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ይወጣል። እኛ ጋ የሚቀረው ወንበሩ ብቻ ነው። እህቴ «እኔ ያገባሁት ወንበሩን ነው» ትላለች። ጎረቤቶች ደግሞ አንድ ነገር ነክቶታል ይላሉ። መንገድ መሀል እጁን ዘርግቶ የማያውቀውን ሰው መኪና እያስቆመ፣ «ይቅርታ፣ ኮፈኑን አንዴ ይክፈቱልኝ» ሲል ሲያዩት ምን ይበሉ?

ምንም አልነካውም። ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ነበርኩ። ሰው እብድ ሲለው ዝም ብዬ መስማት ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። እሱ ቢያነበው ምን እንደሚለኝ ግን አላውቅም።

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ መዳፍ ነው የሚለው። ሥራው የድሮ መኪና ማሞቂያና ማቀዝቀዣ መጠገን ነው። ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እሱ ግን ሳይጀምር ይታጠባል። በሳሙና፣ እስከ ክርኑ። መጀመሪያ ያየው ሰው ሁሉ ያችኑ ቀልድ ይቀልዳል፦

«ጋሼ፣ ሞተሩን ሊበሉት ነው እንዴ?»

እሱም ያችኑ መልስ ይመልሳል። «ግራሶ የለበሰ እጅ ጆሮው እንደተደፈነ ሰው ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱ ሁለት የጎማ ቱቦዎች አሉ። አንዱ የሞቀውን ውሃ ይወስዳል፣ አንዱ ይመልሳል። ጋሼ ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ይጠብቅና አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ እጁ ይጨብጣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ማሞቂያው ውስጡ ተደፍኗል። ሁለቱም ትኩስ ሆነው መኪናው ውስጥ ሙቀት ከሌለ፣ ወይ አየሩን የምትመራው ክዳን ተጣብቃለች፣ ወይ አየሩን የሚነፋው ቬንትሌተር ሞቷል። ሁለቱም ለብ ብቻ ካሉ ደግሞ ሌላ ቦታ አትፈልግ፣ ቴርሞስታት ነው። ቴርሞስታት ሞተሩ ላይ ያለች ትንሽ በር ናት፤ ውሃው እስኪሞቅ ትዘጋለች፣ ሲሞቅ ትከፍታለች። እሷ ከሌለች ውሃው ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ እየሄደ ይቀዘቅዛል።

ይሄን ሁሉ ያወቅኩት በስፌት ነው። እኔ የመኪና ወንበር ልባስ እሰፋለሁ፤ የስፌት መኪናዬ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እሱ ከሚሠራበት አምስት እርምጃ ላይ ናት። እሱ ሲሠራ ለራሱ ያወራል። እኔ መርፌው ላይ ስላቀረቀርኩ የማልሰማ ይመስለዋል።

ሌላም ልማድ አለው። የዘጋው ብሎን ላይ ሁሉ በክብሪት እንጨት ቢጫ ቀለም ጠብ ያደርጋል። «ይሄ ብሎን የኔ ነው፣ ከላላ እኔን ጥሩ» ማለቱ ነው። ሰው መኪና ሲገዛ ኮፈን ከፍቶ ያችን ቢጫ ካየ ደስ ይለዋል።

አንዴ የአንድ ጠበቃ መኪና ማቀዝቀዣ እምቢ አለ። ጋዙ ሙሉ ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ይዞራል፣ ቱቦው እጅ ያደነዝዛል፤ ከአየር ማውጫው የሚመጣው ትንፋሽ ግን የበሽተኛ ትንፋሽ ነው። ጋሼ ቬንትሌተሩን ሲፈታው የአይጥ ጎጆ አገኘ። ጎጆው በምን ተሠራ? በኔ ስፖንጅ። ከጆንያዬ ሥር እየቦጨቀች ስትወስድ ከርማ ኖሯል።

«አንቺ!» አለኝ ጎጆውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ። «ለአይጥም ትሰፊያለሽ? ልኳን መቼ ወሰድሽ?»

ጠበቃው ሊሞክረው ሲገባ የተረፈው ብናኝ በሙሉ ፊቱ ላይ ዘነበ። እኔም ወር ሙሉ የአይጥ ልብስ ሰፊ ተባልኩ። ጋሼ ያኔ እንዲህ ሳቂ ነበር። ምሳውንም ይጨርስ ነበር።

ሐሙስ ቀን ነው የተጀመረው። ዝናቡ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። እትዬ አዋላጅ ያችን የባላቸውን ክሬም ቀለም መኪና እያስነጠሷት ግቢ ገቡ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን የሰፈሩን ግማሽ ልጅ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፣ የእህቴንም ልጅ ጭምር፣ ስለዚህ ማንንም አይፈሩም።

«እንዴት ነህ፣ ባለመዳፉ?»

«ደህና ነዎት እትዬ? ምን ሆነች እሷ?»

«ትነፍሳለች፣ አትሞቅም። ልክ እንደ አማቴ።»

ጋሼ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በሩን ይዘው ቆሙና ጉዳያቸውን ነገሩን። እህታቸው ደረቷን ታማለች፤ እዚህ የሚያነሳት ሰው የለም፣ እሳቸውም ጉልበታቸው አልቻለም። ከተራራው ማዶ ያለችው ልጇ ወስዳ ልታስታምማት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ይዘዋት ይሄዳሉ።

«ባለፈው ክረምት ብቻዬን በዚያ መንገድ ስሄድ ምን እንደሆንኩ ታውቃለህ? አናቱ ላይ ስደርስ መስታወቱ ጉም ለበሰ። ከውስጥ በኩል። በሻሽ እጠርጋለሁ፣ ይመለሳል። እጠርጋለሁ፣ ይመለሳል። ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ መንዳት ጀመርኩ። ስቆም አንዱ የፊት ጎማ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል።»

«ታዲያ ያኔውኑ አያመጧትም?»

«ክረምቱ ወጣ፣ ረሳሁት። የወለደች ሴት ምጡን እንደምትረሳው። አሁን ግን ብቻዬን አይደለሁም። እህቴን ይዤ እንደዚያ አልንጠለጠልም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና የኋላውን ወንበር በስፖንጅ ከፍ አድርጌ እንድሰፋላቸው ጠየቁኝ፣ ስትተኛ ጎኗን እንዳይቆረቁራት። የሰውነቷን ልክ በእጃቸው አሳዩኝ። የትንሽ ልጅ ልክ ነበር።

ጋሼ ታጠበ። ሞተሩን አስነሳ፣ ጠበቀ፣ ቱቦዎቹን ጨበጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ከፈተው፣ ደግሞ ጨፈነ።

«ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው» አለ ለራሱ።

እኔ በሆዴ «ቴርሞስታት» አልኩ። እሱ ግን አላለም። ሞተሩ ሃያ ደቂቃ ሠርቶም የሙቀት መርፌዋ ከታች ፈቀቅ አላለችም፤ እያያት ቆየና፣

«ማሞቂያው ተደፍኗል» አለ። «እትዬ፣ ራዲያተሩን መጨረሻ የነካው ማነው?»

«ያ ማዶ ያለው ልጅ ነው። ኮምፒውተር የምትሉት።»

«በሉ እንግዲህ! ዝገቱን አጥቦ ጠራርጎ ወደ ማሞቂያው ሰዶታል።»

ኮምፒውተር ከመንገዱ ማዶ የሚሠራ ወጣት መካኒክ ነው። የመኪና ችግር የሚያነብ ማሽን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዞራል። ጋሼ ሁልጊዜ ይቀልድበታል፤ «ይቺ የኔ አሮጊት መሰኪያ የላትም፣ የት ትሰካባታለህ?» እያለ። ክፋት አልነበረውም። የዚያን ቀን ግን እትዬ ቀልድ አልሰሙም። መንገዱን ተሻግረው ደንበኞቹ ፊት ልጁን አጠቡት። «የሰው ነፍስ ይዤ የምሄድበትን መኪና ቆሻሻ መጣያ አደረግከው?» ድምፃቸው እኛ ድረስ ይሰማል። ልጁ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ።

በኋላ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ ራዲያተሩን ብቻ ነው ያጠብኩት። ተደፍኖ ነበር። ማሞቂያውን አልነካሁም።»

«እጅህ ባይነካው ውሃህ ነክቶታል።»

«እሺ ጋሼ» አለና ሄደ። ቢከራከረው ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት ጋሼ ማሞቂያውን በቱቦ አጠበው። በአንዱ በኩል የገባው ውሃ በሌላው ጥርት ብሎ ወጣ፣ የሚጠጣ ይመስላል። ክዳኗን አየ፤ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቬንትሌተሩ በደንብ ይነፋል። ዓርብ ጠዋት ዳሽቦርዱን ሙሉ በሙሉ አወረደው፤ ብሎኖቹን ሻይ መጠጫ ኩባያ ውስጥ ጨመረ። ይገባል፣ ይወጣል፣ ካቻቢቴ ያነሳል፣ ሳይጠቀምበት ያስቀምጣል። ግቢውን ይዞረዋል። እኔንም አስጨነቀኝ፣ ክሩ ሦስቴ ተበጠሰብኝ። አንድ ነገር ጎድሏል፣ ግን ምን እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። ቆይቶ ነው የመጣልኝ። እጁን አልታጠበም። ጠዋት ሲመጣ ሳይታጠብ ነው የጀመረው።

ምሳ ሊደርስ ሲል ሞተሩ ላይ አጎንብሶ የቴርሞስታቱን ክዳን በጨርቅ ሲጠርግ አየሁት። ክዳኑ በሁለት ብሎን ነው የተያዘው። አቧራው ሲለቅ ሁለቱም ብሎን ላይ ቢጫ ነጥብ ታየ። የደበዘዘ፣ የቆየ ቢጫ።

ጋሼ ቀጥ ብሎ ቆመ። ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን ግራሶው ውስጥ ነከረና አንዱን ነጥብ ለቀለቀው፣ ሁለተኛውንም ለቀለቀው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

አቀረቀርኩ፣ የስፌት መኪናዬን ረገጥኳት። ምን እንደሰፋሁ አላውቅም፤ በኋላ ስፈታው ነው ያየሁት፣ ልባሱን ከቀሚሴ ጫፍ ጋር ሰፍቼዋለሁ።

አስታወስኩ። ሰባት ዓመት ይሆናል፣ ሙቀቱ ያን ጊዜ አይጣል ነበር። መኪና ሁሉ መንገድ ላይ ይፈላ ነበር። ጋሼ ቴርሞስታታቸውን እያወጣ ይሸኛቸዋል፣ ውሃው እንደልቡ ይዞራል፣ መፍላቱ ይቆማል። ያወጣውን የቢስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይወረውራል፣ ኳ! ይላል። «ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው፣ እኛን ምን ያደርግልናል?» ሲል ሰው ያጨበጭብለታል። የእትዬ መኪና የፈላችው ራዲያተሯ ተደፍኖ ነው ለካ። እሱ ያችን ትንሽ በር፣ ቴርሞስታቷን፣ ነቅሎ ሰደዳት፣ ልጁ ደግሞ በኋላ ራዲያተሩን አጠበላት። ስለዚህ አሁን መኪናዋ መሞቅ አቃታት።

ለምሳ ቤት ስንገባ አልተቀመጠም። ቆሞ አንዴ ጎረሰና በሩ ላይ ሄዶ ተደገፈ።

«ምን ሆነሃል? ቁንጫ ገባብህ?» አለችው እህቴ።

«ምንም።»

«አንቺስ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«ምንም» አልኩ እኔም። እህቴ ሁለታችንንም አየችን። «ሁለት ምንም ቤቴ ገብቷል» አለች።

ፈርቼ ነበር። የምተኛው እሱ ቤት ነው። የስፌት መኪናዋን የገዛልኝ እሱ ነው። እናታችን ስትሞት እህቴን «ትምጣ፣ ከልጃችን አትለይም» ያላት እሱ ነው። እሱን በምን አፌ አሳፍረዋለሁ? ደግሞ ያ ስፖንጅ ትዝ ይለኛል። የትንሽ ልጅ ልክ። ጎማው ሲንጠለጠል የእትዬ እህት እዚያ ላይ ተኝታ።

አስር ሰዓት ላይ እትዬ መጡ። ጋሼ ዳሽቦርዱን መልሶ ገጥሞ ጨርሷል። ዓይናቸውን አላየም።

«ያለውን ሁሉ ሞክሬያለሁ። ያ ልጅ አበላሽቶታል። ሌላ ማሞቂያ እስኪገኝ ቀስ ብለው ይንዱ። መስታወቱን ከውስጥ በደረቅ ሳሙና ያሹት፣ ጉም ብዙ አይዝም።»

«በሳሙና» አሉ እትዬ።

«አዎ።»

ይጮሃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። «እሺ ልጄ» አሉ። «አንተ ካልክ አለቀ። ያንተን እጅ አውቀዋለሁ።» የመኪናቸውን ቁልፍ ከቦርሳቸው አወጡ።

እኔ ተነሳሁ። ሳፋውን ውሃ ሞላሁ፣ ሳሙናውን ያዝኩ፣ ወስጄ ጋሼ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት።

«ጋሼ» አልኩ። «ዛሬ እጅህን አልታጠብክም።»

አየኝ። እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፣ ያን ጊዜ ግን የሚመታኝ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ቀስ ብሎ እጅጌውን ጠቀለለ። ታጠበ። ውሃው ጠቆረ። ደግሜ ቀዳሁ፣ ደግሞ ታጠበ። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞሮ ጮኸ፦

«ኮምፒውተር! አንተ! ሙቀት የምትለካበትን ይዘህ ና!»

ልጁ እየሮጠ መጣ፣ ሌላ ስድብ የሚጠብቅ ይመስላል። ጋሼ በንጹሕ ጨርቅ የክዳኑን ብሎኖች ጠረገ። ቢጫው ወጣ።

«ይሄ ቀለም የማን ነው?»

የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ክዳኑን ፈታ። ውስጡ ጥርሱ የተነቀለ ድድ ይመስላል፤ ባዶ።

«ከሰባት ዓመት በፊት እኔ ነኝ ያወጣሁባት። ልጁ ምንም አላጠፋም። የሠራው ልክ ነው።»

እትዬ ጠጋ ብለው ጉድጓዱን አዩት። «መቼ ነው ያወቅከው?»

«ምሳ ሰዓት ላይ» አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ውሸት ነው። ትናንት ስጨብጣቸው ነው ያወቅኩት። ምሳ ሰዓት ላይ ቀለሜን አየሁት።»

«ታዲያ በሳሙና ልትሸኘኝ ነበር?»

«አዎ።»

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።» ኮምፒውተርን ክንዱን ያዙት። «አንተ ልጅ፣ ና። ሰው ፊት ነው የሰደብኩህ፣ ይቅርታ የምልህም ሰው ፊት ነው።» እየጎተቱ ወደ ማዶ አሻገሩት። እዚያ ሲናገሩ ድምፃቸው ከትናንቱ ይበልጥ ነበር።

ጋሼ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው ሥር አወጣ። ሃያ አራት ቴርሞስታት። የትኛው የማን እንደነበር አይታወቅም። የሚሠራ መኖሩን የምናውቀው በማፍላት ነው፤ ደህናዋ በትኩስ ውሃ ራሷን ትከፍታለች። ድስት አስፈለገን። እህቴ ድስቷን ምድጃው ላይ በቴርሞስታት ተሞልቶ ስታየው እጇን አናቷ ላይ ጫነች።

«ድስቴን! ብረት ልታበላን ነው?»

«ምሳ አልጨረስክም ትይኝ የለ? ይኸው እራት እየሠራሁ ነው» አላት። ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያ ቀልዱ ነበር። እህቴ የድስቱን ክዳን አምጥታ ሰጠችው።

ኮምፒውተር መለኪያውን ውሃው ውስጥ ይዞ ቁጥር ይጠራል። ስልሳ። ሰባ። አንዷ ገና ሳትሞቅ አፏን ከፍታ ቀረች፣ ሞታለች። ሌሎቹ ዝገው ተጣብቀዋል። ሰማንያ ሁለት ላይ ከጥግ ያለችው አንዲት ቀስ ብላ መክፈት ጀመረች።

«ስንት ጣት ሆነ?» አሉ እትዬ ከጀርባችን፣ ምጥ እንደሚያዩ ሁሉ።

«ግማሽ ጣት» አለ ጋሼ።

«ይበቃል። መጣች ማለት ነው።»

አውጥተን አቀዘቀዝናት፣ ዘጋች። ደግመን ነከርናት፣ ከፈተች። ውሃ እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ወረቀት እኔ በመቀሴ ቆረጥኩ። ጋሼ ገጠማት። ሞተሩ ተነሳ፣ ሁላችንም የሙቀት መርፌዋን እናያለን። ተነሳች። መሀል ደረሰችና ቆመች። ጋሼ ቱቦዎቹን ጨበጠ፣ ወዲያው «ኧረ!» ብሎ ለቀቃቸው። እኔ ውስጥ ገብቼ መስታወቱ ላይ ተነፈስኩበት። ጉም ለበሰ። ከታች ሙቀቱ ሲመጣበት ከጠርዙ ጀምሮ ተሰብስቦ ጠፋ። ደግሜ ተነፈስኩ፣ ደግሞ ጠፋ።

ጋሼ የክብሪት እንጨቷን ቢጫው ውስጥ ነክሮ ብሎኑ አጠገብ ሲደርስ እጁ ቆመ። እትዬን አያቸው።

«ቀባ እንጂ» አሉት። «ግን ነገ ከፊት ወንበር አጠገቤ ትቀመጣለህ።»

«እኔ?»

«ታዲያ ማን? ከተንጠለጠልንም አብረን ነው።»

ቀባና ማለዳ አብሯቸው ሄደ። በማግስቱ በአውቶቡስ ተመለሰ። ስለ መንገዱ የነገረን ነገር ትንሽ ነው። ጉሙ መስታወቱን ከውጭ እንደከበበው፣ ከውስጥ ግን ጥርት ብሎ እንደቆየ፤ አናቱ ላይ ሲደርሱ ታማሚዋ «ሞቀኝ፣ ትንሽ ቀንሱት» እንዳለች። እትዬ መኪናዋን አቁመው ያችን የተንጠለጠሉባትን ቦታ አሳይተውታል። ወርዶ አይቷታል።

ከዚያ ቆርቆሮውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። ሃያ ሦስት።

«የት ናቸው እነዚህ?» አለ።

«እዚሁ ፊትህ ናቸው እኮ» አለችው እህቴ።

«መኪኖቹ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ አልተቀመጠም። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙን አግኝቷል። በሞቱት ፋንታ ኮምፒውተር አዲስ ቴርሞስታት ያመጣለታል፣ አብረው ይገጥሙታል። አንዳንዱ ባለመኪና ያመሰግነዋል፣ አንዳንዱ «አንተው ነቅለህ አንተው ትተክላለህ?» ብሎ ይስቅበታል። አንዷ መኪና ተሸጣ ወዴት እንደሄደች አይታወቅም፣ ስለ እሷ ሲያስብ ይነጫነጫል። የቀሩት አስራ አራት ናቸው። ዝናቡም ገና አላቆመም።

ዛሬ ምሳ ላይ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና አለፈች። ሞተሯ ገና እንዳልሞቀ ያስታውቃል። ከእሱ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ» አልኩት።

ተነስቷል። እህቴ ምንም ሳትል ሳህኑን ከደነችው። እኔ ሳሙናውን ይዤ ተከተልኩት።